የጥንት ታሪክ ጥናትን ለምሁራን መጽሔት ስለ ማቅረብ

መግቢያ

«ግምጃ ቤት» የሚለው ቃል በአማርኛችን የከበረ ልብስና ልዩ ልዩ ንብረት ተቈጥሮ የሚገባበትን፣ ተቈጥሮም የሚወጣበትን ቤት ያመለክታል። በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የምትገኘው ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። የግምጃ ቤት ኀላፊ የሚመሰገነው በእጁ ያለውን በትክክል ስለሚያውቅና ያልተረከበውን ተረክቤአለሁ ብሎ ስለማይፈርም ነው። የጥንት ታሪክን የሚጽፍ ሰው ሥራም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከምንጭ ያገኘውን ይመዘግባል፤ ያላገኘውንም አግኝቻለሁ አይልም።

በአሁኑ ጊዜ ከግምጃ ቤት፣ ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከአካባቢያቸው ተነሥተው በየዩኒቨርሲቲው ታሪክን፣ ቋንቋንና ቅርስን የሚያጠኑ ወጣቶች አሉ። ሆኖም ለመመረቂያ ብዙ ደክመው የጻፉት ጥናት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀር ይታያል። ጥናቱ በምሁራን መጽሔት ካልታተመ በሌላ አገር ያለ ተመራማሪ አያገኘውም፤ ካላገኘውም አይጠቅሰውም። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ የአገራችን የጥንት ታሪክ የአገሩ ልጆች ዕውቀት ሳይታከልበት ይጻፋል። ጉዳቱም የሁለቱም ወገን ነው።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድን ጥናት ለመጽሔት እንዴት ማዘጋጀትና መላክ እንደሚገባ እንመለከታለን። ነገሩ በጥቅሉ ብቻ እንዳይቀር፣ የአገራችንን ታሪክ ከሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ታሪክ ጋር የሚያገናኝ አንድ ምሳሌ እንወስዳለን፤ ይኸውም የአዱሊስ ዙፋን ጽሑፍና በውስጡ የሚገኘው የአገው ስም ነው።

1. የምሁራን መጽሔት ምንድን ነው?

የምሁራን መጽሔት ከጋዜጣና ከማኅበር መጽሔት የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። የቀረበለትን ጽሑፍ አዘጋጁ ብቻውን አይወስንበትም፤ በዚያው ትምህርት ለሠለጠኑ ገምጋሚዎች ይልከዋል። አብዛኛውን ጊዜ ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም፣ ጸሐፊውም የገምጋሚውን ስም እንዳያውቁ ይደረጋል። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚመዘነው ማስረጃው እንጂ የሰውየው ማዕርግ ወይም የትውልድ አገሩ እንዳይሆን ነው። በዚህ ሥርዓት ከግምጃ ቤት የተላከ ጽሑፍና ከታላቅ ከተማ የተላከ ጽሑፍ በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ ይገባል።

ለኢትዮጵያ ጥናት የተመሠረቱ መጽሔቶች በርካታ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት መታተም የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአማርኛ የተጻፉ ጥናቶችንም አትሟል። «አናል ዴትዮፒ» የተባለው የፈረንሳይኛ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ የወጣው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በሮም «ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤትዮፒቺ» በ1941 እ.ኤ.አ.፣ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ደግሞ «ኤትዮፒካ» በ1998 እ.ኤ.አ. ተጀምረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ከላይ ሁለት ጊዜ «1955» ተጽፏል፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዓመት አይደሉም። የአዲስ አበባው 1955 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1963 ላይ ይውላል፤ የፈረንሳይኛው 1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእኛ 1947 ዓ.ም. ነው። የአቈጣጠሩን ምልክት የዘነጋ ጸሐፊ በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ገምጋሚም እንዲህ ያለውን ጕድለት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካየ የቀረውን ሁሉ በጥርጣሬ ያነባል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ በትንሹ የታመነ በብዙው ይታመናል።

2. የምሳሌያችን ምንጭ

አዱሊስ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር የሚገኝ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደዚያ መጣ። ዘመኑ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው በሂምያር ላይ ለመዝመት የተዘጋጁበት ነበር። ንጉሡ በከተማው መግቢያ ከነበረው የዕብነ በረድ ዙፋንና ከበስተኋላው ከቆመው የድንጋይ ሐውልት ላይ ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥውም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለተባለ ሌላ ነጋዴ ሰጠ። እነርሱም አንዱን ቅጂ ለገዥው ሰጥተው አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ። ኮስማስ ከሃያ አምስት ዓመት ያህል በኋላ «የክርስቲያን የምድር ገለጻ» በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ ያንን ጽሑፍ አስገባው።

ዙፋኑም ሐውልቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ያለን የኮስማስ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም በቫቲካን፣ በደብረ ሲናና በፍሎረንስ በሚገኙ ሦስት ጥንታውያን የግሪክኛ የብራና መጻሕፍት ተጠብቆ ደርሶናል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ በጥንቃቄ ባይገለብጠው ኖሮ ለአክሱም ታሪክ ታላቅ ምስክር የሆነ ጽሑፍ በጠፋብን ነበር።

ነገር ግን ኮስማስ በመገልበጡ የታመነ ሆኖ ሳለ በትርጓሜው ተሳስቷል። ሁለቱን ጽሑፎች የአንድ ንጉሥ ቃል አድርጎ አያያዛቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት መርምረው እንደ ተረዱት፣ በሐውልቱ ላይ ያለው ከ246 እስከ 221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን የገዛው የሦስተኛው ቶለሚ ጽሑፍ ነው፤ ይህም ንጉሥ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከኢትዮጵያ ምድር ማስመጣቱን ይናገራል። በዙፋኑ ላይ ያለው ግን ከዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በነገሠ የአክሱም ንጉሥ የተጻፈ ነው። የጽሑፉ መጀመሪያ ስለ ጠፋ የንጉሡ ስም አልታወቀም፤ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ያስገዛቸውን ሕዝቦች ግን በስም ይዘረዝራል።

ከዚህ የምንማረው፣ ምንጩ የሚለውና ምንጩን ያስተላለፈልን ሰው የሚለው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ኮስማስ ያየው ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ ኮስማስ ስለ ጽሑፉ ያሰበው ሌላ ነው። መልካም ጥናት እነዚህን ሁለቱን አይደባልቅም።

3. የስም መመሳሰል ፈተና

አሁን በአዊ ዞን የሚያስተምር አንድ የታሪክ መምህር ይህን የዙፋን ጽሑፍ ሲያነብ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል እናስብ። ንጉሡ ካስገዛቸው ሕዝቦች መካከል «አውአ» የሚል ስም ይገኛል። መምህሩ የራሱን ሕዝብ ስም «አዊ»ን ያስባል፤ ልቡም ይደሰታል። «የአዊ ሕዝብ በአዱሊስ ዙፋን ላይ ተጽፎ ይገኛል» የሚል ርእስ ሰጥቶ ጥናቱን መጻፍ ይጀምራል። የሚጽፈው ለሰው ክብር እንጂ ለክፉ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመጀመሪያው ግምገማ ይወድቃል።

ለምን ይወድቃል? በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከጽሑፉ ከራሱ የሚገኝ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «አውአ» የሚገኘው ከ«ጋዜ» እና ከ«አጋሜ» ቀጥሎ ነው፤ አጋሜ ደግሞ እስከ ዛሬ በሰሜን በትግራይ የሚታወቅ ስም ነው። ስለዚህ የዝርዝሩ አካሄድ ወደ ሰሜን ምድር ያመለክታል። ሁለተኛው ምክንያት ከሌላ ምስክር የሚገኝ ነው። ኖኖሶስ የተባለው የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ወደ አክሱም በተጓዘ ጊዜ «አውኤ» በተባለ ስፍራ አምስት ሺህ ያህል ዝሆኖች ሲሰማሩ ማየቱን ጽፏል፤ ስፍራውም በአዱሊስና በአክሱም መካከል፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ እንደሚገኝ ተናግሯል። የኖኖሶስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል፤ የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎትዮስ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳጥሮ ስለ ጻፈው ግን ይህን እናውቃለን። በአዱሊስና በአክሱም መካከል ያለ ስፍራ የጎጃም አዊ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ የሁለት ስሞች መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የስም መመሳሰል ጥያቄ ያስነሣል፤ መልሱን ግን ቦታው፣ ዘመኑ፣ ቋንቋውና ሌላው ምስክር ሊሰጡት ይገባል። ለሕዝቡ ክብር የሚቈረቈር ጸሐፊ ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በሐሰት ማስረጃ የተሠራ ክብር ማስረጃው በፈረሰ ጊዜ ወደ ኀፍረት ይለወጣልና።

4. በእውነት የሚገኘው ማስረጃ

መምህሩ ርእሱን ቢተው ድካሙ ከንቱ ይሆናልን? አይሆንም። በዚያው በዙፋኑ ጽሑፍ «አታጋው» የሚል ሌላ ስም አለ፤ ሊቃውንት ይህን ስም ከአገው ጋር ያያይዙታል። ከእርሱም ጥቂት ዝቅ ብሎ ከናይል ማዶ፣ በረዶ በሞላባቸው ተራሮች የሚኖሩ የሰሜን ሰዎች ይጠቀሳሉ፤ በዚህ ስፍራ ናይል የተባለው ተከዜ እንደ ሆነ ይገመታል። ስለዚህ «አታጋው» የተባሉት በዚያ አቅራቢያ የነበሩ አገዎች እንደ ሆኑ ማሰብ ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ኮስማስ ራሱ ስለ አገው ገዥ የጻፈው አለ። እንደ እርሱ አባባል የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ወርቅ የሚገዙ ሰዎችን «ሳሱ» ወደሚባል አገር ይልካል። ከእነርሱ ጋር ሌሎች ነጋዴዎች ስለሚጓዙ ቍጥራቸው ከአምስት መቶ ይበልጣል። በሬዎች፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከአገሩ በቀረቡ ጊዜ የእሾህ አጥር አጥረው በዚያ ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን ቈራርጠው፣ ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በሚፈልጉት ዕቃ ላይ ወርቅ አኑረው ይመለሳሉ። ባለ ዕቃው በወርቁ ከተስማማ ያነሣዋል፤ ካልተስማማ ይተወዋል። ቋንቋቸው ስለማይገናኝ ንግዱ ያለ ንግግር ይፈጸማል።

ኮስማስ ጕዞው መሄጃና መመለሻው ስድስት ወር እንደሚወስድ፣ ሲመለሱም ክረምቱ ሳይደርስባቸው እንደሚቻኰሉ ይናገራል። የዝናቡን ጊዜ ሲገልጥም ኤፒፊ ከተባለው የግብፃውያን ወር እስከ ቶት ድረስ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው። ኤፒፊ የእኛ ሐምሌ፣ ቶት ደግሞ የእኛ መስከረም ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖችና የእኛ አቈጣጠር የወራት ክፍፍል አንድ ነውና። ስለዚህ የአውሮፓ ተመራማሪ ሰሌዳ አውጥቶ የሚያሰላውን ነገር፣ በግምጃ ቤት የሚኖር ገበሬ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ብሎ ወዲያው ይረዳዋል። ወንዞች የሚሞሉበትና መንገደኛ የሚታገድበት ጊዜ እንደ ሆነም ያውቃል። ኮስማስ የናይል ምንጮች በሳሱ አካባቢ እንደሚገኙ መናገሩ ደግሞ ግሽ ዓባይ የምትገኝበትን የጎጃምን ምድር ለሚያውቅ ሰው ሌላ የምርምር በር ይከፍታል።

ይሁን እንጂ እዚህም ልኩን ማወቅ ይገባል። ኮስማስ የአገው ገዥ የተቀመጠበትን ስፍራ አልወሰነም። የሳሱም ስፍራ እስከ አሁን ያከራክራል። የሰባት ቤት አገው ትውፊት ደግሞ አባቶች ከላስታ በኩል እንደ መጡ ይናገራል፤ እንዲህ ከሆነ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን አገው በዛሬው የአዊ ምድር ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። ስለዚህ ትክክለኛው ርእስ «የአዊ ሕዝብ በአዱሊስ ዙፋን ላይ» የሚለው ሳይሆን፣ «በኮስማስ መጽሐፍ የአገው ገዥና የወርቅ ንግድ መንገድ፤ ከክረምቱ ወራት አንጻር የተደረገ ምርመራ» የሚለው ዓይነት ይሆናል። ሁለተኛው ርእስ እንደ መጀመሪያው ልብ አያሞቅም፤ ነገር ግን ይቆማል።

በዚህ መስክ መንገዱን ያሳዩን የአገር ልጆች አሉ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1988 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሔት የአገውን ታሪክ ምሳሌ አድርገው በኢትዮጵያ ታሪክ የሕዝቦችን መቀራረብና መዋሐድ የሚመረምር ጥናት አሳትመዋል። ይህን ያላነበበ ጸሐፊ ስለ አገው ታሪክ አዲስ ነገር አገኘሁ ለማለት አይችልም።

5. ጽሑፉን ስለ ማዘጋጀት

ሀ. አንድ ጥያቄ ብቻ መያዝ። የመመረቂያ ጥናት ብዙ ምዕራፎች አሉት፤ የመጽሔት ጽሑፍ ግን አንድን ጥያቄ አንሥቶ አንድን መልስ ይሰጣል። የመመረቂያውን ጥናት እንዳለ መላክ አይገባም። ከእርሱ ውስጥ አዲስ የሆነውን ክፍል መርጦ እንደ ገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ለ. መጽሔቱን ከመላክ በፊት ማንበብ። እያንዳንዱ መጽሔት ስለ ጽሑፍ ርዝመት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ግርጌ ማስታወሻና ስለ አኅጽሮተ ጥናት የራሱ መመሪያ አለው። ሁለት ወይም ሦስት ቅጾችን ያነበበ ሰው ጥናቱ ለዚያ መጽሔት እንደሚስማማ ወይም እንደማይስማማ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ሐ. ምንጭን በትክክል መጥቀስ። ጥንታዊ መጽሐፍ የሚጠቀሰው በክፍሉና በቍጥሩ ነው፤ የገጽ ቍጥር ከኅትመት ኅትመት ይለያያልና። የአዱሊስ ጽሑፎች በ1991 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የኢትዮጵያ የድንጋይ ላይ ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ 276 እና 277 የሚል ቍጥር ተሰጥቷቸዋል፤ በዚህ ቍጥር የጠቀሰ ጸሐፊ የትኛውን እንደሚል ለሁሉ ግልጽ ይሆናል። የኮስማስ የግሪክኛ ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር «የክርስትና ምንጮች» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ከ1968 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ወጥቷል። የእንግሊዝኛው ትርጕም ደግሞ በ1897 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግሪክኛ የማያውቅ ጸሐፊ በትርጕም መጠቀሙን በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። ይህ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ መጥቀስ ነው።

መ. ስምና ፊደል። የግእዝና የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሥርዓት መከተል ያስፈልጋል። ብዙዎች ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመውን «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ይከተላሉ። የኢትዮጵያውያን ስም የአባት ስም ቀድሞ እንዳይጻፍም መጠንቀቅ ይገባል፤ ታደሰ ታምራት «ታደሰ» ተብሎ እንጂ «ታምራት» ተብሎ አይፈለግም።

ሠ. የጐደለውን አለመሸፈን። በዚህ ረገድ የቀደሙ አባቶቻችን ምሳሌ ትተውልናል። ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትሙ፣ በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ የተሟላ አልነበረም። የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክኛ ተርጕመው ሞሉት፤ ይህንም ማድረጋቸውን በዚያው መጽሐፍ ለአንባቢው አስታወቁ። ዝም ቢሉ ኖሮ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት አዲሱን ትርጕም የጥንት ግእዝ መስሏቸው በተሳሳቱ ነበር። የአንድ ዐረፍተ ነገር ሐቀኝነት ብዙ ሰዎችን ከስሕተት አዳነ።

6. ስለ መላክና ስለ መጠበቅ

ጽሑፉ ሲላክ ከአጭር ደብዳቤ ጋር ይሁን። ደብዳቤው የጥናቱን ርእስ፣ ዋና ነጥቡንና ለሌላ መጽሔት ያልተላከ መሆኑን ይናገራል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔቶች መላክ በሁሉ ዘንድ የተከለከለ ነው፤ የገምጋሚዎችን ድካም ያባክናልና። የጸሐፊው ማንነት የሚሰወርበት ግምገማ ከሆነም ስምን ከርእሱ ሥር ብቻ ሳይሆን ከግርጌ ማስታወሻና ከምስጋና ቃልም ማውጣት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። መልሱ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የሚመጣውም መልስ ከአራቱ አንዱ ይሆናል፤ ተቀብለናል፣ በጥቂቱ አሻሽል፣ በብዙ አሻሽል፣ ወይም አልተቀበልንም። «አሻሽል» የሚለው መልስ የሽንፈት ምልክት አይደለም፤ ልምድ ያላቸው ምሁራንም ዘወትር የሚቀበሉት ነው። መልስ ሲሰጥ የገምጋሚውን አስተያየት በቍጥር ከፋፍሎ፣ «በዚህ ተስማምቼ እንዲህ አስተካክያለሁ፤ በዚህ አልተስማማሁም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ በትሕትና መጻፍ ይገባል። ከገምጋሚ ጋር አለመስማማት ይፈቀዳል፤ ማስረጃ ሳያቀርቡ መቈጣት ግን አይጠቅምም። ጽሑፉ ቢመለስም አስተያየቱን ተቀብሎ አርሞ ለሌላ መጽሔት መላክ ይቻላል።

በሌላ በኩል ከአታላዮች መጠንቀቅ ያሻል። ጽሑፉ በደረሳቸው በጥቂት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል» የሚሉ፣ ገምጋሚ የሌላቸው፣ ሥራቸው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ የሆነ መጽሔት ነን ባዮች አሉ። ለዕድገት ማዕርግ የቸኰለ መምህር በእነርሱ ወጥመድ ሊወድቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የታተመ ጥናት እንዳልታተመ ይቈጠራል፤ ጸሐፊውም ሥራውን በሌላ መጽሔት እንደ ገና ለማሳተም ይቸገራል።

7. ስለ ምንጭ ባለቤቶች

የሜዲትራንያን ጥንታዊ ታሪክ ምንጭ በአቴና ወይም በሮም ብቻ የሚገኝ አይደለም። በምሥራቅ ትግራይ በጕሎ መኸዳ አካባቢ በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ የኖረ አንድ የብራና መጽሐፍ፣ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጐሙ ጽሑፎችን ይዟል። ከእነርሱ አንዱ የእስክንድርያን መንበረ ጵጵስና ጥንታዊ ታሪክ የሚናገር ነው፤ ሙሉው የግሪክኛ መጽሐፍ ግን ጠፍቷል። ፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ የስብስቡን ይዘት በ2006 እ.ኤ.አ. «አዳማንትዮስ» በተባለው የኢጣሊያ መጽሔት አስታወቁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፕሮፌሰር አልቤርቶ ካምፕላኒ ጋር በመሆን የዚህን ታሪክ ጽሑፍ በዚያው መጽሔት አሳተሙ። በዚህ ምክንያት የግብፅን የመጀመሪያ ክርስቲያናዊ ዘመናት የሚያጠና ሁሉ ዛሬ ወደ ግእዝ መመለስ ግድ ሆኖበታል።

ይህ ታላቅ ደስታ ነው፤ ኀላፊነትንም ያስከትላል። በየደብሩና በየገዳሙ ያለውን መጽሐፍ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ የካህናቱንና የሕዝቡን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፎቶግራፍ ሲያነሣ መጽሐፉን አይጉዳ፤ በጥናቱም የጠበቁትን ሰዎች በክብር ይጥቀስ፤ ጥናቱ ሲታተም ቅጂውን ለባለቤቶቹ ይመልስ። ከሽማግሌዎች የሰማውን ትውፊትም የራሱ ግኝት አስመስሎ አያቅርብ። የሌላውን ድካም ያለ ስም መውሰድ፣ የተጻፈም ሆነ የተነገረ፣ ስርቆት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የአዱሊስን ጽሑፍ ያዳነልን በጥንቃቄ የገለበጠው ነጋዴ ነው፤ ስሕተቱን ያረሙልን ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ዕውቀት የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ያየውን በታማኝነት ያስቀምጣል፣ ሌላው ይመረምረዋል፣ ሦስተኛው ያቃናዋል። የምሁራን መጽሔትም ይህ መተራረም በሥርዓት የሚፈጸምበት ስፍራ ነው። ወደዚያ የሚገባ ሰው እንደሚታረም አውቆ ይግባ።

በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያለ ወጣት መምህር ግሪክኛ ላያውቅ፣ ታላላቅ አብያተ መጻሕፍትም ላይኖሩት ይችላል። ግን የሕዝቡን ቋንቋ፣ የአገሩን ወንዝና ክረምት፣ የአባቶቹን ትውፊት ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለታሪክ ግምጃ ቤት መግባት ያለበት ሀብት ነው። የሚገባውም በልኩ ተመዝኖ፣ ምንጩ ተጽፎ፣ የተረጋገጠው ከተገመተው ተለይቶ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኮስማስ የአዱሊስን ጽሑፍ በመገልበጥና በመተርጐም መካከል ያሳየው ልዩነት ስለ ምንጭ አጠቃቀም ምን ያስተምረናል?

2. «አውአ» የሚለው ስም ከአዊ ሕዝብ ጋር አንድ አለመሆኑ በምን በምን ማስረጃ ይታወቃል?

3. በአካባቢያችሁ በትውፊት የሚነገር አንድ የጥንት ታሪክ ምረጡ። በእርሱ ውስጥ የተረጋገጠው፣ የሚገመተውና ገና የሚመረመረው የትኛው ነው?

4. በአጥቢያችሁ የሚገኝ የብራና መጽሐፍ ለጥናት ቢፈለግ ተመራማሪው ምን ምን ግዴታ ሊኖርበት ይገባል?